ከሮማኑ ሥር የቆመው ምስክር

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1963

ዛሬ ጊደር መጋላ ገበያ ወረድኩ። በርበሬ ልገዛ ሄጄ ከገበያው ግማሽ ጋር ተጣልቼ፣ ከሌላው ግማሽ ጋር ታርቄ ተመለስኩ። ድንብላል የምትሸጠዋ ሴትዮ ለጎረቤቷ "አስተማሪ ናት፣ ትከራከራለች፣ ዋጋውን መጀመሪያ ከፍ አድርጊ" ስትል ሰማኋት። ሳቅኩ። ምን ላድርግ... ልክ ናት።

ሰፈሬ ፈላና በር ስደርስ ሐሊማ ሱቋ ደጃፍ ላይ ለውዝ ትፈለፍላለች። ከግቢያችን በመንገድ በኩል ያለችውን ክፍል ከእትዬ ብርነሽ ተከራይታ ቅመም ትነግዳለች። "ወላሂ ተናኝ፣ አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ድምፅሽ ይደርሳል" አለችኝ።

እትዬ ዛሬ ደህና ናቸው። ትራስ አስደግፌ ገበያውን ከላይ እስከ ታች ተረኩላቸው። "ከአንቺ ጋር እየኖርን ሬዲዮ እንግዛ ያልሽው ለምንድን ነው?" አሉ። ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሐኪሙ ልብ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ልባቸውን አውቀዋለሁ፣ እንዲህ በቀላሉ የሚደክም ልብ አይደለም እላለሁ።

ሮማኑ ዘንድሮ ጎንበስ እስኪል አፍርቷል። በጣሊያን ጊዜ እናትና አባቴ ሞተውብኝ እጄን ይዘው ወደዚህ ግቢ ያስገቡኝ ዕለትም እንዲሁ ነበር። የሥጋ ዘመዳቸው አይደለሁም፤ የእናቴ ጎረቤት ነበሩ፣ ይኸው ነው። አንዱን ሮማን ፈልቅቀው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ፤ ማልቀሴን ተውኩ። አሥረኛ ክፍል እስክደርስ አስተማሩኝ። ባል አግብቼ፣ ሳይሆንልኝ ቀርቶ ሻንጣዬን ይዤ ስመለስ ምን ሆነሽ አላሉም። "አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው" ብቻ አሉኝ። ይኸው ዛሬም እዚያው አልጋ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ... እንደኔ ዕድለኛ ማን አለ?


እሑድ፣ ጥቅምት 15

እትዬ ኑዛዜ አደረጉ። ቃሉ ይከብዳል እንጂ ቤቱ የሠርግ ቤት ይመስል ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ጡረታ የወጡት የመንግሥት ጸሐፊ አቶ ሀብተወልድ፣ የዕድራችን ዳኛ አቶ ሽፈራው፣ እና ባሻ ለገሠ። ባሻ የሟቹ የእትዬ ባል የዘመቻ ጓድ ናቸው፤ እኔን በጀርባቸው አዝለው ጥምቀት ያወጡኝ ሰው። አቶ ሀብተወልድ እትዬ የነገሯቸውን ሁሉ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈታቸው ገልብጠው መጥተዋል። የቀረው በአራቱ ምስክሮች ፊት ማንበብና ማስፈረም ነው። "አዲሱ ሕግ እንዲህ ነው የሚለው" አሉ። ከወጣ አሥር ዓመት ሞልቶት ዛሬም አዲሱ ሕግ ነው።

ንባቡ ሳይጀመር አባ "ልጄ፣ አንቺ ገለል በይ" አሉኝ። የታወቀ ነው። ሽማግሌ የሰው ጉዳይ ሲያነሣ ባለጉዳዩ ይወጣል። ተቀምጦ የራሱን ነገር የሚያዳምጥ ሰው ዓይነ ደረቅ ይባላል። ወጥቼ ሮማን መልቀም ጀመርኩ።

ጥቂት ቆይቶ ባሻ ብቅ አሉ። "እርስዎ ደግሞ ምን ሆነው?" ብላቸው፣ "ስሜ ተነሣ" አሉ፤ እንደ ሙሽራ አንገታቸውን ደፍተው። እትዬ የባላቸውን ምንሽር ለእሳቸው ሰጥተዋል። ጥይት የሌለው፣ ዝገት የበላው ጠመንጃ... ግን ደስታቸው! ስማቸው ሲጠራ ብድግ ብለው ወጡ። ማንም አላስወጣቸውም፤ ደንቡን ያውቁታል።

እኔ መቼም ሰው ካገኘሁ... የትምህርት ተቆጣጣሪው ክፍሌ መጥቶ ልጆቹ ፊት ሱሪው የተተረተረበትን ቀን አወራኋቸው። ዱላቸውን ጥለው ሳቁ። "ይብቃሽ፣ ልግባ" ይላሉ። "ቆይ፣ መጨረሻውን ሳይሰሙ" እላለሁ። ሮማን ፈልቅቄ መዳፋቸው ላይ አደረግኩላቸው። የሚበላ ይዞ ሽማግሌ መሐል መግባት አይሆንም ብለው ቆመው ጨረሱት። ከውስጥ "ባሻ፣ ና ፈርም" ሲባሉ ገቡና ጣታቸውን አኖሩ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡኝ። "ቤቱ ያንቺ ነው። እኔ ስሄድ ማንም ተነሺ አይልሽም" አሉ። የሚያስቅ ነገር ልናገር ፈለግኩ። አጣሁ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 3

መናገር ደክሟቸዋል። እኔ አወራለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ይከድናሉ። ይሰሙኝ ይሆን? ዝም ስል ጣቴን ጨበጥ ያደርጋሉ... ቀጥዪ ማለታቸው ነው።


ረቡዕ፣ ኅዳር 9

አረፉ። ጠዋት። ስለ ወተት እያወራሁላቸው ነበር።


ዓርብ፣ ኅዳር 11

ሠልስት ሆነ። ጌታቸው ከድሬዳዋ መጣ። የእትዬ የወንድም ልጅ ነው። በልጅነታችን ክረምት ክረምት እዚህ ይመጣ ነበር፤ በሮማኑ ላይ እንጣላ ነበር። አሁን ቡና ነጋዴ ነው፣ ወፍሯል። አንገቴ ላይ ወድቆ "እህት ዓለም፣ እናታችን ሄደች" እያለ አለቀሰ። እትዬ በሽተኛ ሆነው አንድ ቀን እንኳ አልመጣም... ግን ለቅሶው የውነት ነው። ሰው ለቅሶውን አያስመስልም፤ ቢያንስ እንደዚያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አያስመስልም።

ሐሊማ ሱቋን ዘግታ ድንኳኑ ውስጥ ከእኔ ጎን ተቀምጣ ዋለች። "አላህ ይርሐማቸው፤ ኪራይ ዘገየ ብለው ፊታቸውን አጥቁረውብኝ አያውቁም" ትላለች ለመጣ ሰው ሁሉ።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 18

ተዝካራቸው ወጣ። ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ብቻ፤ እሳቸው ቢኖሩ "ሙቼ እንኳ ሥጋ ከለከላችሁኝ" ይሉ ነበር።

ከማዕድ በኋላ ኑዛዜው ተከፈተ። አቶ ሀብተወልድ ቆመው አነበቡ። ምንሽሩ ለባሻ ለገሠ፤ ቤቱና ግቢው "እንደ ልጄ ላሳደግኋት ለተናኘወርቅ"፤ ልብሱ ለነዳያን፤ የአባታቸው ጋሻ ለጌታቸው። አስፈጻሚዋም እኔው ነኝ።

ጌታቸው ጋሻውን ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። ገለባበጠው። ቀስ ብሎ፣ "ጋሻ ተሰጠኝ። የሚሰቀልበት ግድግዳ ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቷል" አለ። ቤቱን የሠራው አያቱ ነው፣ እውነት ነው። ሐረር ሲመጣ እንዲያው ድንጋዩን በትከሻው ተሸክሞ ነው አሉ። እሱም ያንን ነው የሚያየው። እኔ ስመለከተው ደግሞ... እትዬን ነው የማየው።

ባሻ ምንሽራቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ሄዱ።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 22

ልብሳቸውን አደልኩ። መድኃኔ ዓለም ደጅ ያሉት እናቶች አንዳንድ ወሰዱ። አንዷ የእትዬን ነጠላ እዚያው ለብሳ፣ ዞር ስትል... ከኋላዋ እትዬ መሰለችኝ። ልጠራት አፌን ከፈትኩ።

አደራ መወጣት እንዲህ ነው? ሰውየውን ትንሽ ትንሽ እያደረጉ መስጠት?


ረቡዕ፣ ጥር 5

ክፍል ውስጥ ማባዛት እያስተማርኩ መጥሪያ መጣልኝ። ጌታቸው ከሶኛል። ኑዛዜው ይፍረስ፣ ቤቱ ለወራሹ ለእኔ ይሰጠኝ ይላል። ስለ እኔ የተጻፈው እንዲህ ነው፦ "ለሟች ምንም ዝምድና የሌላት።"

ምንም።

አቶ ሀብተወልድ ቤት በሩጫ ሄድኩ። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። ኑዛዜው ከጸና ዘመድ ሆንሽ ባዳ ሆንሽ ለውጥ የለውም አሉኝ። ኑዛዜው ከፈረሰ ግን ሁሉም ለሥጋ ዘመድ ይሄዳል። ልጅ አድርገው አሳደጉሽ እንጂ ፍርድ ቤት ቀርበው ልጅነትሽን አላስጸደቁም አሉ። ማን ያስብ ነበር? ልጅ ለመሆን ዳኛ ያስፈልጋል ብሎ ማን ያስባል?

"ግን አትስጊ። በእጄ የጻፍኩት ነው፤ አራቱም ፈርመዋል" አሉ። እፎይ አልኩ። ስመለስ ሐሊማን በቀልድ "ይኸው ተከሳሽ መጣች" አልኳት። አልሳቀችም።


ሐሙስ፣ የካቲት 18

ምስክር ተሰማ። እንደሆነው ልጻፈው።

የጌታቸው ጠበቃ ወጣት ነው፣ ትሑት፣ "አባቴ" እያለ ነው የሚጠይቀው። ምስክሮቹን አንድ በአንድ እያስገባ ያው ጥያቄ፦ ኑዛዜው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲነበብ አራታችሁም ነበራችሁ? ተነሥቶ የወጣ ሰው አለ?

አባ ወልደ ጊዮርጊስ፦ ሁላችንም ነበርን። አቶ ሀብተወልድ፦ አራቱም ባሉበት ተነበበ፤ እንዲያውም እዚያው ኑዛዜው ላይ ጽፌዋለሁ። አቶ ሽፈራው፦ ማንም አልወጣም።

ያን ጊዜ ነው የመጣብኝ። ባሻ... ሮማኑ ሥር።

ሦስቱንም አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ውሸት የለም። ለእነሱ ገለል ማለት መውጣት አይደለም፤ የሽማግሌ ጉባኤ ደንብ ነው። ባሻ ግቢው ውስጥ ቆመው እንኳ ጉባኤው ውስጥ ነበሩ። ምን ተደረገና ይጠቀሳል? እንዲያው አልታያቸውም።

ግን ምንሽሩ ተነበበ፣ ባሻ ወጡ። ከምንሽሩ ቀጥሎ የተነበበው ምን ነበር? ከችሎት ስንወጣ አቶ ሀብተወልድን ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቆሙ። ቀለማቸው ተለወጠ። "ቤቱ" አሉ። "ቤቱ ነበር።"

ባሻ ዛሬ በወባ ተኝተው አልቀረቡም። ለመጋቢት 9 ተቀጠሩ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 20

እኔ ነኝ ያቆየኋቸው። ይብቃሽ ልግባ ሲሉ ቆይ ያልኩ እኔ ነኝ። ስለ ተቆጣጣሪ ሱሪ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 7

ከትምህርት ቤት ስመለስ ባሻ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከወባው በኋላ አንገታቸው ቀጥኗል። አስገባኋቸው፤ እትዬ ይቀመጡበት የነበረው መደብ ላይ ተቀመጡ። ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል ተከሉ። ከዚያ፦

"ተናኝ፣ ወንጌል አስመትተው አስምለው ከጠየቁኝ ምን ልበል?"

አልመለስኩም። ማለቴ... አወራሁ። የክረምቱ ዝናብ ዘንድሮ ቀድሞ ይገባል መሰል አልኩ። ሐሊማ የቃሪያ ዋጋ ጨምራለች አልኩ። ስለ አንዷ ተማሪዬ ጥርስ አወራሁ። ሻይ አፈላሁ፣ ስኳር ስለማለቁ አወራሁ። እሳቸው ዓይኔን ዓይኔን ያያሉ። እኔ አፌ አይቆምም። ማቆም ፈልጌ ነበር። ካቆምኩ ግን አንድ ነገር ማለት ሊኖርብኝ ነው... ወይ "ውስጥ ነበርኩ ይበሉ"፣ ወይ "የሆነውን ይናገሩ"። ሁለቱንም ማለት አልቻልኩም።

ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሡ። "እሺ ልጄ" አሉ። ምኑን ነው እሺ ያሉኝ?

ሰው በዝምታ ሲያመልጥ አይቻለሁ። እኔ በወሬ አመለጥኩ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 9

ባሻ ኒሻናቸውን አድርገው መጡ። ጋቢያቸው ታጥቧል። ወንጌሉን ሲሳለሙ ከንፈራቸው ላይ ቆየ።

ጠበቃው ያንኑ ጠየቀ። "አባቴ፣ ሲነበብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነበሩ?"

"ነበርኩ።"

መተንፈስ ጀመርኩ። ጠበቃው ሊቀመጥ ነበር፤ ወረቀቱን ሰብስቧል። ከዚያ እንዲያው ለወጉ ያህል፣ "ቤቱ ለተከሳሽዋ ይሁን የሚለውንም በጆሮዎ ሰምተዋል?"

ባሻ ወደ እኔ ዞሩ። ዳኛው "ወደዚህ" አሏቸው። አልዞሩም። ምን ያህል እንዳዩኝ አላውቅም። እኔ ደግሞ... መሬት መሬት ነው ያየሁት።

"ያንን አልሰማሁም። ስሜ ሲነሣ ገለል ብዬ ነበር። ግቢ ነበርኩ፣ ከእሷ ጋር።"

ከኋላ ሰው ጉርምርም አለ። ጌታቸው እንኳ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አባ ወልደ ጊዮርጊስ "ታዲያ ገለል ማለት ምን ነውር አለው? ግቢው ውስጥ ነው እኮ!" ብለው ከተቀመጡበት ተናገሩ፤ ጸጥታ ተባሉ። በሰባ ስንት ዓመታቸው በዳኛ ጸጥታ ተባሉ። ዳኛው ሦስቱን ሽማግሌዎች አንድ ጊዜ ቃኝተው አንድ ነገር ጻፉ። ምን እንደጻፉ አውቃለሁ። ሐሰተኛ ምስክር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ያስታረቁ ሰዎች።


ሰኞ፣ ሚያዝያ 11

ትናንት ፋሲካ ነበር። ሐሊማ ዶሮ ገዝታ፣ እንደ ሃይማኖቴ በእኛ ሰው አሳርዳ ላከችልኝ። ማብሰሉን አበሰልኩ። ሁለት ሳህን አወጣሁ። አንዱን መለስኩ።


ሐሙስ፣ ግንቦት 5

ተፈረደ። ኑዛዜው በአራት ምስክሮች ፊት ስላልተነበበ ፈራሽ ነው። አጭር ነው። ተነቦ ሲያልቅ ጫማዬን እንኳ አስተካክዬ አልጨረስኩም ነበር።

አቶ ሀብተወልድ ይግባኝ እንበል ይላሉ፣ ግን ድምፃቸው ውስጥ ተስፋ የለም። ምስክሩ ራሱ አልነበርኩም ካለ ምን ይባላል? "እኔ ነኝ ጥፋተኛው፤ ሲወጣ ንባቡን ማቆም ነበረብኝ። ሠላሳ ዓመት ጸሐፊ ሆኜ..." እያሉ የራሳቸውን ጣት ያያሉ። ተዉት አልኳቸው። ይሉኝታ ንባብ አስቁሞ ያውቃል እንዴ? ማን ይቁም፣ ማን ይጠብቅ? ሁሉም ጨዋ ለመሆን ነው የሞከረው።

ምንሽሩም ፈረሰ። ያም ለጌታቸው ነው። ባሻ ዘይት ቀብተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ዛሬውኑ አስረከቡ አሉ። ጌታቸው "ይያዙት፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል" ብሏቸው ነበር። እምቢ አሉ።


እሑድ፣ ሰኔ 6

ሽማግሌ ጌታቸውን ለመነልኝ። ቤቱን ይውሰድ፣ እሷ ግን የጓሮዋን ክፍል ይዛ ትኑር፣ ዕድሜዋን በዚህ ግቢ ጨርሳለች ብለው። እዚሁ ቤት ተሰበሰቡ። እሱ እንግዳ ተቀባይ፣ እኔ እንግዳ።

አባ "ልጄ፣ ገለል በይ" አሉኝ። ከልማድ ነው። ካሉ በኋላ ራሳቸው ደነገጡ። ወጣሁ።

ያው ሮማን። ፍሬ የለውም፣ ወቅቱ አይደለም። ብቻዬን ቆምኩ። ባሻ ውስጥ ናቸው፣ በበሩ ክፍተት ጀርባቸው ይታየኛል። ስማቸው ተነሣ፣ ሰማሁ፣ "ባሻም በዚህ ጉዳይ ተጎድቷል" ተባለ። አልወጡም። ሁለት እጃቸው በርጩማውን ጨብጧል። ወንበሩ እንዳይነሣባቸው የያዙት ይመስላል።

ጌታቸው ጨዋ ነው። እኔንም ጠርቶ ነው የመለሰልኝ። "እህት ዓለም፣ ስድስት ልጅ አለኝ። የጓሮውን ክፍል ዛሬ ብሰጥሽ ነገ ሰው መጥቶ በርስቱ ላይ ተካፋይ አለ ይላል። ቂም የለኝም። አያቴ ግን ይህን ቤት ለልጅ ልጁ ነው የሠራው።" እስከ ወሩ መጨረሻ ሰጠኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?


ቅዳሜ፣ ሰኔ 26

ወጣሁ። ዕቃዬ አንድ ጋሪ አልሞላም። አልጋዬ፣ መጻሕፍቴ፣ ያቺ የእትዬ ብርጭቆ። ብርጭቋን ስወስድ ጌታቸውን አስፈቀድኩት። "እንዴት ይህን ትጠይቂያለሽ?" ብሎ ተቆጣ፤ ከዚያ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሁላችንም ጥሩ ሰዎች ነን። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሁላችንም ጥሩ ሰዎች ነን።

ቁልፉን ሰጠሁት። ሐሊማ መንገዱ ላይ ቆማ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ትላለች። ጋሪው ሲሄድ ከኋላው አልተናገርኩም። "አንድ ነገር በይ እንጂ" አለችኝ። ምን ልበል?


እሑድ፣ ነሐሴ 9

አዲሷ ክፍሌ ከጀጎል ግንብ ውጭ ናት። በሩን ሲከፍቱት መንገድ ነው፤ ግቢ የላትም። ዝናቡ ደፉ ላይ ይረጫል። ጎረቤቶቼን አላውቃቸውም። ድሮ ቢሆን በሳምንቱ የሁሉንም ታሪክ በቃሌ እወጣው ነበር። አሁን ሰላምታ ሰጥቼ እገባለሁ። ይህንንም ደብተር ከፍቼው አላውቅም... ዛሬ ግን ልጻፍ።

ጠዋት ሐሊማ መጣች። ጌታቸው የኪራይ ክፍሎች ሊሠራ ሮማኑን አስቆረጠው። ልትደብቀኝ ነበር፣ አልቻለችም። "ወላሂ ለምኜው ነበር። ሥሩ ግድግዳውን ይገፋል አለኝ።" አላለቀስኩም። ለውዝ አምጥታልኝ ነበር። "ወሬሽ የት ሄደ ተናኝ? ፈላና በር ያለ አንቺ የሙት አገር ሆነ" አለች። ፈገግ አልኩላት።

ከሰዓት ባሻ መጡ። ከችሎቱ ወዲህ ለብቻችን ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነው። ያንን ሁሉ መንገድ በዱላ፣ በዝናብ። አልጋው ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ሌላ መቀመጫ የለኝም። እኔ ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበታችን ሊነካካ ምንም አልቀረው።

"ያን ዕለት ምን ልበል ብዬ ጠይቄሽ ነበር" አሉ።

"ጠይቀውኛል።"

"ስለ ስኳር አወራሽኝ።"

"አዎ።"

ከዚያ ልጠይቃቸው የማልደፍረውን ጠየቅኩ። ውስጥ ነበርኩ ይበሉ ብልዎት ኖሮ ይሉልኝ ነበር? አልኳቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው።

"አላውቅም ልጄ። ወንጌል ከባድ ነው። አንቺም ከባድ ነሽ። ግን አንድ ቃል ብትሰጪኝ... ይሁንም አይሁንም፣ ያንን ቃል ይዤ እቆም ነበር። ብቻዬን ነው የቆምኩት።"

ይቅር ይበሉኝ ልል ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ይቅር በይኝ ሊሉ እንደሆነ ከፊታቸው አየሁ። ሁለታችንም አላልነውም። ስለ እትዬ ጥቂት አነሣን። እትዬ በኑዛዜው ስለ እርስዎ ምን ብለው እንዳስጻፉ ያውቃሉ? አልኳቸው። አላወቁም። ገለል ብለው ስለነበር አልሰሙትማ፤ በተዝካሩም ቀን አቶ ሀብተወልድ አሳጥረው ነው ያነበቡት። እኔ የወረቀቱ ግልባጭ ስላለኝ አውቀዋለሁ። "ምንሽሩ ለወንድሜ ለለገሠ፤ ባሌን ከሞት ሜዳ በትከሻው ላወጣልኝ" ነው የሚለው፤ ነገርኳቸው።

ስማቸው ሲጠራ ብድግ አሉ። ዱላቸውን ይዘው ወደ በሩ አንድ እርምጃ። ከዚያ ቆሙ። ከበሩ ውጭ ዝናብና መንገድ ብቻ ነው። ግራ ቀኝ አዩ። በዚህ ቤት ገለል የሚባልበት ቦታ የለም።

ተመልሰው ተቀመጡ። እኔም አንድ ቃል አልወጣኝም። ዝናቡ እስኪያባራ እንደዚያው ተቀምጠን ሰማነው።